ከልጆችና ከእናቴ ጋር በጠዋቱ ወደ ጅሬን፦ በእግር እንዴት እንውጣ?

እናትና መምህርት (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ ቤተሰቡን ይዤ በእግር ወደ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ፣ ልወጣ አስቤያለሁ። መንገዱን የምታውቁት ምከሩኝ።

አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጃችንና እናቴ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ሂርማታ ገበያ ሄዳ ዘንቢሏን ሞልታ የምትመለስ ሴት ናት። ጉልበቷ ግን አንዳንዴ ያስቸግራታል፣ በተለይ ደረጃ ስትወርድ።

ለምን እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። ልጆቼ ጅማ ተወልደው ጅማን ከላይ አይተዋት አያውቁም። ቅዳሜያቸው በስልክና በቴሌቪዥን ያልቃል። እማዬ ደግሞ ገጠር ነው ያደገችው፣ የማታውቀው ዛፍ የለም። ቤት ውስጥ ግን ስለ ዛፍ አታወራም። ዛፉን ስታይ ነው ወሬው የሚመጣላት። ልጆቼ ያን ወሬ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ፣ እሷም ጤና እያላት።

ባለቤቴ «ከወጣን አይቀር ማይጉዶ ተራራ ይሻላል» እያለ ነው። ምን ትላላችሁ? ስንት ሰዓት እንነሳ? ምንስ እንያዝ?

ጅሬን ስር ያደገ

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ከመሀል ከተማ እስከ ቤተ መንግሥቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሙሉውን በእግር አትሂዱት። የከተማው ክፍል ለልጅ አሰልቺ ነው፣ መኪናና ባጃጅም ይበዛበታል። እስከ ዳገቱ ግርጌ ባጃጅ ኮንትራት ያዙና ከዚያ በእግር ጀምሩ። ትንሹ ጉልበቱን አስፋልት ላይ ከጨረሰ ዳገቱ ላይ ተሸካሚ ነው የምትሆኑት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ በእግር መሄድ አትጀምሩ። ጅብ ገና ከመንገድ አልገባም፣ የግቢ ውሾችም ሌሊት የተለቀቁ ናቸው። 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ዳገቱ ስር ስትደርሱ ይነጋል።

ከዚያ በላይ ደግሞ አትዘግዩ። ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆው ላይ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ከተማው ዙሪያ ረግረግ ስላለ እርጥበቱም አይጠፋም። እናንተ ከፍ ስትሉ ጭጋጉ ከእግራችሁ በታች ይቀራል። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስትበረታ ተነስቶ ይበተናል። ልጆቹ ይህን ሲገልጥ ቢያዩት የትም አያገኙትም።

ፎቶ ወዳድ

እኔ የምጨምረው ቦዬን ነው፣ ጅማ አጠገብ ያለውን ረግረግ። መጀመሪያ በጎህ ቦዬ ሄዳችሁ ጉማሬዎቹን እዩ፣ ከዚያ ወደ ጅሬን ተሻገሩ። ለልጆች ከጉማሬ የበለጠ ምን አለ? ብርሃኑም ያኔ ነው የሚያምረው።

ቦዬ ዳር ነዋሪ

ወንድሜ፣ ይህን ለልጅ አትምከር። ጉማሬ ሌሊቱን በሙሉ ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ነው የሚያድረው። የሚመለሰው ደግሞ ልክ በጎህ ነው። ያን ሰዓት ዳር ላይ የቆመ ሰው በጉማሬውና በውሃው መሀል ነው የሚገባው። ወደ ውሃ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት ጉማሬ ፈርቶ አይመለስም፣ ይመጣል። ያ ግዙፍ አካል በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የ5 ዓመት ልጅ ይዞ ማን ያመልጠዋል?

ቦዬን ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ከሩቅ ይሁን። ከሣሩና ከሸምበቆው ራቁ። ወፍ ለመመልከትም ያኔ ይመቻል።

ፎቶ ወዳድ

እሺ፣ ስለ መመለሻ ሰዓታቸው አላሰብኩም ነበር። አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ስለ ማይጉዶ ባለቤትሽ የጠየቀውን ልመልስ። ማይጉዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጅማ ከተማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጅሬን ደግሞ ወደ 2,000 ይጠጋል። ልዩነቱን አስቡት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ማይጉዶ ድረስ ተጉዞ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ በአንድ ቀን መመለስ ለጎልማሳ እንኳ ከባድ ነው። ተራራው የትም አይሄድም። ሴት ልጃችሁ ስታድግ ከአባቷ ጋር ትውጣው።

ጅሬን ስትደርሱ ለልጆቹ ታሪኩን ንገሯቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። የጅማ መንግሥት ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር መክፈልን መረጡና የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ዙሪያው በጦር ሲታመስ ጅማ ገበያዋን እንደያዘች የቀረችው በዚህ ነው። እናታቸው እቴጌ ጉሚቲ በዚያ ምክር ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይነገራል። ልጅሽ ሴት ናት፣ ይህን ስም አስይዣት።

ለ11 ዓመት ልጅ ግን ታሪክን ግማሹን ብቻ አትንገሪ። ያ ገበያ ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት፣ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ልጆች እውነቱን ሲሰሙ ይሰበራሉ ብለን እንፈራለን። በ40 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። እውነቱ ሲደበቅባቸው ነው ታሪክ የሚጠሉት።

አባወራው

ማይጉዶ ያልኩት እኔ ነኝ። መምህር፣ አመሰግናለሁ፣ ተረድቻለሁ። አሳቤ ልጄ ትልቅ ተራራ ወጣሁ እንድትል ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ። አማቴን በባጃጅ ወደ ላይ አድርሰን፣ እኛ በእግር ወጥተን፣ ከዚያ አብረን በእግር ብንወርድስ? መውረድ ይቀላል ብዬ ነው።

ባጃጅ ነጂ

ይቻላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የጠዋት ኮንትራት ከሆነ ማታውኑ ስልክ ተለዋወጡ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ወጥቶ ባጃጅ መጠበቅ ተስፋ የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው እንዳንተ ነው፣ ግን ለጉልበት ተቃራኒው ነው። ዳገት ልብንና ትንፋሽን ያደክማል። ጉልበትን የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። ስንወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችን ክብደት ጉልበት ላይ ያርፋል፣ የጭን ጡንቻም እየተለጠጠ ነው ያንን ክብደት የሚይዘው። ባለቤትህ የጻፈችውን ልብ በል። «ደረጃ ስትወርድ» ነው ያለችው። እናታችሁ ራሳቸው ነግረዋችኋል።

ስለዚህ በእግር ያውጧቸው፣ በባጃጅ ያውርዷቸው። ሲወጡ ቀስ ብለው፣ እያወሩ። ማውራት ካቃታቸው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፣ ቁሙ። ደረታቸው ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማቸው ያኔውኑ ይቁም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት ሳይበሉ እንዳይነሱ፣ መድኃኒቱንም እንዳይዘሉት።

ምርኩዝ ይያዙ። ቁመቱ ሲይዙት ክርናቸው ታጠፍ እስኪል ድረስ ይሁን። ከዘራ ለመያዝ የሚያፍሩ እናቶች አሉ። ልጆቹም አንድ አንድ ዱላ ይያዙ፣ ያኔ የሁሉም ይሆናል።

እናትና መምህርት

እህቴ፣ ይህን ለእማዬ አነበብኩላት። «እውነቷን ነው፣ መውጣቱን እኔ አልፈራም» አለች። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ቁርስ በልታ ነው የምንነሳው።

ጤና ባለሙያው

ስለ ጫማ ልናገር፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ሰው ለእግር ጉዞ ጫማን እንደ ቅንጦት ነው የሚያየው። የተዘጋ፣ ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ አታድርጉ፣ ያቆስላል። ቀዩ አፈር ላይ ጤዛ ሲኖር ያዳልጣል። ትንሹ «ጫማዬን ላውልቅ» ቢል እሺ አትበሉት። በባዶ እግር የሚያዙ የአንጀት ትሎች አሉ። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ደግሞ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ከአንድ ቀን አይመጣም፣ አትደንግጡ። ነገር ግን ልጅ ጫማ የማድረግ ልማድን በዚህ ዕድሜ ነው የሚይዘው።

ውሻ ከነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽ ጭረት ቢሆንም፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። ስለዚህ ሳሙና በቦርሳችሁ ይኑር። ውሻ ሲመጣ ልጆች እንዳይሮጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቆመው እጃቸውን ወደ ሰውነታቸው ይሰብስቡ።

ሳማ ጥግ ጥጉን አለ። ገብረ ጉንዳንም መንገድ ሲያቋርጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ አስገቡ።

ቡና ገበሬ

እኔ የምለው ሌላ ነው። መንገዱ በሰው ደጅና በሰው ማሳ አጠገብ ነው የሚያልፈው። በጠዋት የማታውቁት ሰው ደጅ ስታልፉ ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ። ልጆቹ «አካም ቡልተን» (በኦሮምኛ «እንዴት አደራችሁ») ማለትን ይልመዱ። የ5 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲል የሰማች እናት መንገዱን ብቻ አይደለም የምታሳያችሁ፣ ቡና ጠጡ ትላለች።

ቡና ዛፍ ላይ የቀረ ፍሬ ካያችሁ አትቅጠፉ። ጥር ላይ ለቀማው አልፏል፣ የቀረው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ግን የአንድ ቤት የጨው መግዣ ሊሆን ይችላል። የተሰጣ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ ያለ ቡና) ላይም አትርገጡ። ልጆች መንካት ከፈለጉ ባለቤቱን ይጠይቁ። ደስ ብሎት እፍኝ ሰጥቶ ያሳያቸዋል፣ ከቅርፊት እስከ ፍሬ።

ላስቲክና የውሃ ኮዳ ይዛችሁ ተመለሱ። ከብት ላስቲክ ይበላል፣ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። ገበሬው ማን እንደጣለው አያውቅም፣ ላሟን ብቻ ያጣል።

የጅማ ማጀት

ምግቡን ለኔ ተዉት። ድፎ ዳቦ ዓርብ ማታ ጋግሪ፣ ጠዋት አዲስ ነው የሚሆነው። የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ያዢ። አቮካዶ በጨው፣ እዚያው ተቆርጦ፣ ከዳቦው ጋር። ለእናትሽ ጭኮ ብትይዢላት ትንሽ በልታ ትጠግባለች። ዳቦ ቆሎ በልጆቹ ኪስ ይግባ፣ በየማረፊያው አንድ አንድ እፍኝ። ወጥ አትያዢ፣ ይፈሳል፣ እጅ መታጠቢያም ያስቸግራል። ሻይ በፔርሙዝ፣ ስኳሩን ለየብቻ። ውሃ ለትልቅ ሰው ሊትር ተኩል፣ ለልጅ ቢያንስ ግማሽ ሊትር። የምንጭ ውሃ እንዳትጠጡ፣ የቱንም ያህል ቢጠራ።

ጅሬን ስር ያደገ

አንድ ነገር ረሳሁ። የመመለሻ ሰዓት አሁኑኑ ወስኑ። አራት ሰዓት ከሆነ አራት ሰዓት። ደረሳችሁም አልደረሳችሁም። ሰው የሚደክመው «ትንሽ ቀረን» ሲል ነው። ፀሐዩም ከዚያ በኋላ ይጠነክራል። ቤተ መንግሥቱ አጠገብ መስጊድ አለ፣ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ድምፅም ዝቅ ይበል። የውስጡን መጎብኘት ከፈለጋችሁ ክፍት መሆኑን ዓርብ ጠይቁ፣ እድሳት ሊኖር ይችላል።

እናትና መምህርት (እሑድ ከሰዓት)

ሄድን። እንዴት እንደነበረ ልጻፍላችሁ።

የተነጋገርነው ባጃጅ ቀረብን። ስልኩም አይነሳም። ባለቤቴ የጎረቤታችንን ልጅ ቀስቅሶ በእሱ ሄድን። ዳገቱ ስር ስንደርስ ሰማዩ ቀልቷል። ጭጋጉ ልክ እንደተባለው ታች ተኝቶ ነበር። ትንሹ «ከተማው የት ሄደ?» አለ። ሴት ልጄ ስለ ቀዝቃዛው አየር ነገረችው፣ ማታ ከዚህ ያነበብኩላትን።

መውጣቱን እማዬ መራችን። እሷ ቀስ ስትል ሁላችንም ቀስ አልን። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ትንሽ ተጨነቀ፣ በዚህ አካሄድ አንደርስም ብሎ። ትንሹ ግን በእሷ እርምጃ ነው የወጣው። አንዴም «እቀፉኝ» አላለም። ሁለቱ እኩል ነበር የሚያርፉት።

ወሬው ደግሞ መጣ። ዋንዛ ስታይ ቆመች። ፍሬውን ልጅ ሆነው እንዴት እንደሚበሉትና እንደሚያጣብቅ ነገረቻቸው። ብሳናን፣ ግራዋን አሳየቻቸው። ከአንድ አጥር ጥግ እንዶድ አገኘችና ቀጠፈች፣ የአጥሩን ባለቤት ጠይቃ። ሳሙና ሳይኖር ነጠላ በምን ይታጠብ እንደነበረ በውሃ አሽታ አረፋውን አወጣችላቸው። እኔ ይህን ሁሉ በልጅነቴ ሰምቼ አላውቅም። ከተማ ነው ያደግሁት፣ ከእሷ ጋር በእግር የወጣንበት ቀን አልነበረም።

አንድ እናት ደጃቸው ላይ ነበሩ። ትንሹ «አካም ቡልተን» አለ። ጠርተው ቡና አስጠጡን። ስለዚህ ዘገየን። አራት ሰዓት ላይ ገና ቤተ መንግሥቱ ግቢ በር ላይ ነበርን። ከውጭ አየነው፣ የእንጨት ሥራውን፣ ሰገነቱን። ባለቤቴ «ውስጡን ለሌላ ጊዜ» አለና ተመለስን። እማዬና ትንሹ በባጃጅ ወረዱ። እኛ ሦስታችን በእግር። ዛሬ ጠዋት ጉልበቷን ጠየቅኳት፣ ምንም አላላትም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ጡረተኛው መምህር

እንዶዱን ስላነሳሽ ለልጆቹ ቀጥይላቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። ሳይንቲስቱ ከዚያ ተነስተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዶድን አጠኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። እናትሽ ያሳየቻቸው አረፋ ይህን ሁሉ ይዟል።

እናትና መምህርት

መምህር፣ ነገ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ነው የማስተምረው።

አሁን ልጆቹ «ቀጥሎ የት?» እያሉ ነው። በለጠ-ጌራ ጫካን አስበናል። እማዬም ትመጣለች። ጊዜው መቼ ይሻላል?

ቡና ገበሬ

ጫካው ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሸቤ አካባቢ ነው። ከጅማ ሚኒባስ ተይዞ ይኬዳል። የቀረሮ ዛፉ፣ ጉሬዛው፣ በጥላ ስር ያለው የጫካ ቡና፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጫካውን የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ነው። እነሱን ሳታናግሩ አትግቡ፣ ከእነሱ አንድ ሰው ይምራችሁ፣ የድካሙንም ክፈሉት። ጫካ ውስጥ መንገድ መሳት ቀላል ነው።

ለጊዜው ደግሞ እስከ ቡና አበባ ታገሡ። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል፣ ብዙ ጊዜ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ከሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሽታው መኪና ውስጥ ሳላችሁ ይደርሳችኋል። አበባው ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ዝናቡ የጣለ ዕለት እዚሁ እጽፋለሁ። ያን ቀን መኪናውን ተነጋገሩ፣ መነሻችሁን ግን አበባው ሲፈነዳ አድርጉት።